የፍየል ወተት ሽታና የወጠጤው ዘረመል፦ ከቀወት ለቀረበልኝ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በቀወት ወረዳ፣ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብለው 22 እናት ፍየሎች ያረባሉ። የጠዋቱን ወተት በጄሪካን አድርገው በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ላለ አንድ ካፌ ይልካሉ። ካፌው ወተቱን ለማኪያቶና ለአይብ ይጠቀምበት ነበር፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን «ፍየል ፍየል ይላል» እያለ መመለስ ጀምሯል። ዩኒቨርሲቲ ያለው ልጃቸው ደግሞ በዘረመል ምርመራ የወተቱን ቅባት የሚያሻሽል ወጠጤ መምረጥ እንደሚቻል አንብቦ ነገራቸው። «እውነት ነው? ስንት ጊዜ ይፈጃል? ያለችኝን ገንዘብ እዚያ ላይ ላውላት?» ይላሉ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ያነበበው ትክክል ነው። ይቻላል። ፈረንሳዮች ለአይብ የሚያረቧቸውን የአልፓይንና የሳነን ፍየሎች ሲመርጡ ከወተት ፕሮቲን ዘረመሎች አንዱን ለብዙ ዓመታት እያዩ ወጠጤ ለይተዋል። ነገር ግን በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ጉዳይ ተቀላቅሎብኛል። አንደኛው ፍየሏ የምትሰጠው ቅባት ከምን ከምን የተሠራ ነው የሚለው ነው፤ ይሄ የዘርና የመኖ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ቅባቱ ከታለበ በኋላ ምን ደረሰበት የሚለው ነው፤ ይሄ የጄሪካኑና የመንገዱ ጉዳይ ነው። ወተትዎን ያስመለሰው ሁለተኛው ይመስለኛል። ስለዚህ ዘረመሉን ትንሽ ላቆየውና ወተቱ ከሚያልፍበት ከጣርማበር መንገድ ልጀምር።

የወተት ቅባት ወተቱ ውስጥ ራቁቱን አይንሳፈፍም። በዓይን የማትታይ ጠብታ ሆኖ፣ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። የፍየል ጠብታ ከላም ጠብታ በአማካይ ያንሳል፤ የፍየል ወተት እንደ ላም ወተት ቶሎ ክሬሙን የማያወጣው፣ ሲናጥም እጅ የሚያዝለው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። በእያንዳንዷ ጠብታ ውስጥ ያሉት የቅባት ቅንጣቶች ሦስት ሦስት አሲድ ተሸክመዋል። አሲዶቹ ታስረው እስካሉ ድረስ አይሸቱም። ሽታ የሚመጣው ሲፈቱ ነው፤ በተለይ አጫጭሮቹ ሲፈቱ። ካፕሮይክ፣ ካፕሪሊክና ካፕሪክ የሚባሉት ሦስቱ አሲዶች ስማቸውን ያገኙት በላቲን ፍየል ማለት ከሆነው «ካፕራ» ከሚለው ቃል ነው። ፍየል ቅባት ውስጥ ከ15 እስከ 18 በመቶ ያህል ይይዛሉ፤ ላም ላይ የዚህን ግማሽ ቢደርሱ ነው። እንግዲህ የፍየል ወተት ሽታ ከውጭ የመጣ ቆሻሻ አይደለም፤ ውስጡ ታስሮ የተቀመጠ ነው።

የሚፈታው ማን ነው? ወተቱ ራሱ ከግት ይዞት የሚወጣው ኢንዛይም ነው፤ ሊፖፕሮቲን ላይፔዝ ይባላል። ላም ወተት ውስጥ ይህ ኢንዛይም አብዛኛው ኬዚን ከሚባለው የወተት ዋና ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚውል ከቅባቱ ይርቃል። ፍየል ወተት ውስጥ ግን ብዙው ከቅባቱ ጠብታ ጋር ነው ያለው፤ እንደ ጎረቤት ሌባ ቤቱን ያውቀዋል። ሽፋኑን የሚቀድለት ደግሞ መናወጥ ነው፤ ጥሬ ወተትን አቀዝቅዞ ማቆየትም ያግዘዋል። አሁን የእርስዎን ጄሪካን ያስቡት። ጥሬው ወተት ግማሽ ድረስ ተሞልቶ፣ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ፣ በደብረ ሲና ዳገት እየተናጠ ጣርማበርን አልፎ፣ 2,800 ሜትር ላይ ብርድ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ኢንዛይም ከዚህ የተሻለ መንገድ ማንም አልሠራለትም።

ስለዚህ ለምርመራ አንድ ብር ሳያወጡ ይህን ይሞክሩ። የአንድ ጠዋት ወተት አቀላቅለው ለሁለት ይክፈሉት። አንዱን እንደታለበ ወዲያው ምድጃ ላይ ጥደው ሊገነፍል ሲል ያውርዱት፤ ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክረው ያብርዱና በንጹሕ ጠርሙስ እስከ አፉ ይሙሉት፤ አየር ከሌለው አይናጥም። ሌላውን እንደ ወትሮዎ ጥሬውን ይላኩት። ሁለቱም በአንድ መኪና ይሂዱ። ካፌው የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነገረው ያሽት። ጥሬው ሸትቶ የፈላው ካልሸተተ ነገሩ አለቀ፤ ጥፋቱ የፍየሎቹ ዘር ሳይሆን የመንገዱ ነው። ኢንዛይሙ 72 ዲግሪ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ሲቆይ ይዳከማል፤ ማፍላት ከዚያ በላይ ነው። (ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ያም ይበቃል።) ማፍላቱ ለሌላም ነገር ግዴታ ነው፤ ፍየልን የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። «የፍየል ወተት ጥሬው ነው መድኃኒቱ፣ ፍየል የማትቀጥፈው ቅጠል የለም» የሚሉ ሽማግሌዎች በየቦታው አሉ። ሳላቃልላቸው፣ ምክራቸውን አልከተልም።

ሁለቱም ጠርሙሶች ከሸተቱስ? ያኔ ወደ በረቱ እንሂድ። ወጠጤው የሚያድረው ከሚታለቡት ፍየሎች ጋር ነው? በሩካቤው ወቅት ጢሙና አንገቱ ላይ የሚከረፋው ነገር ውስጥ 4-ኢታይልኦክታኖይክ የሚባል አሲድ አለ፤ ሰው አፍንጫ በጣም ጥቂቱን ይለየዋል። ከወጠጤው ጋር የተሻሸች ፍየል ግትዋ ሳይታጠብ ከታለበች ወተቱ ይወስደዋል። ወጠጤውን ለብቻው ማሰር ነጻ ነው፣ ዛሬውኑ ይቻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ገና ቅሬታ ካለ፣ ወይም ወደ አይብ ሥራ መግባት ካሰቡ፣ የዘረመሉ ወሬ ያን ጊዜ ትርጉም ይኖረዋል። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ ልጅዎም ያንብበው።

ፍየል ዘረመሏ እንደ ጽሑፍ የሰፈረባቸው 60 ክሮሞሶሞች አሏት፤ ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት። የዘረመል ምልክት የሚባለው በዚህ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ከፍየል ፍየል የሚለያይ፣ በላቦራቶሪ ሊነበብ የሚችል አንድ ቦታ ነው። አንዳንዱ ምልክት ራሱ ለውጡን ያመጣል፤ አንዳንዱ ለውጡን ከሚያመጣው አጠገብ ስለተቀመጠ ብቻ አብሮ የሚወረስ ነው። ልዩነቱን ያዙልኝ፤ ሁለተኛው ዓይነት በአንድ ዝርያ እውነት ሆኖ በሌላው ሊከዳ ይችላል።

ከወተት ጋር በተያያዘ ከሁሉም በላይ የታወቀው አልፋ ኤስ-አንድ ኬዚን የተባለው ፕሮቲን ዘረመል ነው፤ ስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ ከሌሎቹ የኬዚን ዘረመሎች ጎን ይገኛል። የቅባት ዘረመል አይደለም፤ ቢሆንም ቅባቱን ይነካል፤ እንዴት እንደሆነ እመለስበታለሁ። ይህ ዘረመል በርካታ ዓይነት ቅጂ አለው። ኤ፣ ቢ እና ሲ የተባሉት ጠንካሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ቅጂ በአንድ ሊትር ወተት 3.6 ግራም ገደማ የዚህን ኬዚን ይሰጣል። ኢ የተባለው መካከለኛ ነው፤ 1.6 ግራም ገደማ። ኤፍ ደካማ ነው፤ 0.6 ግራም ገደማ። ኦ የተባለው ጭራሽ አይሰጥም። የኢ ድክመት ምክንያቱ በጽሑፉ መካከል 457 ፊደል ርዝመት ያለው ባዕድ ቁራጭ ስለተሰነቀረበት ነው፤ የኤፍ ደግሞ አንድ ፊደል ስለጎደለች። አንድ ፊደል! ውል ላይ ሲሆን ሰው የሚጣላበት ነገር ነው።

ይህ በቤትዎ ምን ማለት እንደሆነ እናስላ። አንዲት ፍየልዎ አንድ ኢ እና አንድ ኤፍ ቅጂ አላት እንበል፤ በሊትር 1.6 እና 0.6፣ በድምሩ 2.2 ግራም ይሆናል። ወጠጤው ሁለቱም ቅጂ ኤ ከሆነ ለእያንዳንዷ ሴት ልጁ ያለ ጥርጥር አንድ ኤ ይሰጣል። ልጆቿ ወይ 5.2 ወይ 4.2 ግራም ይኖራቸዋል። በአንድ ትውልድ እጥፍ ገደማ ሆነ፤ ወረቀት ላይ ያምራል። አሁን ወደ መሬት እናውርደው። የአገራችን ፍየል ግልገሏን አጥብታ የምትሰጥዎት በቀን ግማሽ ሊትር ቢሆን፣ ጭማሪው በአንድ ፍየል ከአንድ ግራም እስከ ግራም ተኩል ነው። የ22ቱም ሴት ልጆች ወልደው ቢታለቡ በቀን 33 ግራም ቢደርስ ነው፤ ከስድስት ሰባት የሻይ ማንኪያ ስኳር ክብደት አይበልጥም። በቀን መቶ ሊትር ለሚያቀርብ የአይብ ሠሪ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። ለእርስዎ ግን ፍየሏ በመኖ ምክንያት አንድ ብርጭቆ ብትጨምር ይበልጥብዎታል። ዘረመል ማባዣ ነው፤ የሚባዛው ትንሽ ከሆነ ውጤቱም ትንሽ ነው።

ቅባቱን እንዴት ይነካል ያልኩትን ልጨርስ። የግት ሕዋስ ፕሮቲኑን ሠርቶ፣ አሽጎ፣ ወደ ውጭ ይልካል። አልፋ ኤስ-አንድ ሲጎድል ሌሎቹ ኬዚኖች ሕዋሱ ውስጥ ይከማቻሉ። በዓል ዋዜማ ላይ መናኸሪያውን ያስቡት፤ አንድ አውቶቡስ ሲበላሽ የሚጉላላው የዚያ ተሳፋሪ ብቻ አይደለም፣ ሻንጣውም የሌላውም መውጫ ይዘጋል። ቅባቱም በዚህ ግርግር ይነካል። ሁለት ጠንካራ ቅጂ ያላቸው ፍየሎች ከደካሞቹ ይልቅ ፕሮቲናቸውም የቅባት መቶኛቸውም ከፍ ይላል፤ ወተታቸው ሲቀመጥ ቅባቱ በራሱ የመፈታቱ ነገርም ይቀንሳል። በፈረንሳይ ሁለት የኤፍ ቅጂ ካላቸው ፍየሎች የተሠራ አይብ የፍየል ጣዕሙ ሲበረታ የታየው ለዚህ ነው። እንግዲህ ከሽታው ጥያቄዎ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ አንድ የዘረመል ምልክት ቢኖር ይህ ነው፤ ላስመረምር ካሉ በዚህ ይጀምሩ።

ሁለተኛው ዲጋት-አንድ የተባለው ዘረመል ነው፤ 14ኛው ክሮሞሶም ላይ። ሥራው ቅባት ሲሠራ ሦስተኛውን አሲድ መሰካት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፈረንሳይ ውስጥ በሳነንና በአልፓይን ፍየሎች ሁለት ለውጦች ተገኝተውበታል፤ አንዱ በፕሮቲኑ 251ኛ ቦታ፣ ሌላው በ396ኛው። ሁለቱም የቅባትን መጠን ይቀንሳሉ። ስለዚህ ጥሩ ወጠጤ ለመፈለግ ሳይሆን መጥፎውን ለመጣል ይጠቅማሉ። በነገራችን ላይ ላም ላይ የታወቀው የዚሁ ዘረመል ለውጥ ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ የላም ምርመራ ለፍየል ላድርግልህ የሚል ሰው ካጋጠመዎት በጨዋ ደንብ ይሸኙት።

የቅባቱን ዓይነት በቀጥታ የሚመለከቱት ሌሎች ናቸው። አሴቲል-ኮኤ ካርቦክሲሌዝና ፋቲ አሲድ ሲንቴዝ የተባሉት፣ ሁለቱም 19ኛው ክሮሞሶም ላይ፣ አጫጭሮቹን አሲዶች ግት ውስጥ ከባዶ ይሠራሉ። 26ኛው ላይ ያለው ስቴሮይል-ኮኤ ዲሳቹሬዝ ደግሞ ደረቁን ስቴሪክ አሲድ ወደ ኦሌይክ ይቀይራል፤ ኦሌይክ በዘይት ውስጥ የምናውቀው፣ ቅቤን የሚያለሰልሰው ነው። በእነዚህ ላይ የተጻፈው ጥናት ክምር ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ አብዛኛው አያስደንቀኝም። የእያንዳንዱ ምልክት ውጤት ትንሽ ነው፤ በአንዱ መንጋ የታየው በሌላው ይጠፋል ወይም ይገለበጣል። የአንድ አሲድ መጠን በብዙ ዘረመሎች የሚወሰን ስለሆነ በአንድ ምልክት ወጠጤ መግዛት በሬ በቀንዱ ብቻ እንደመግዛት ነው።

ደግሞም «የቅባቱ ዓይነት ይሻሻል» ሲባል የቱ ወዲያ፣ የቱ ወዲህ? አጫጭሮቹ አሲዶች ሽታውን ይዘዋል፤ ነገር ግን በቀላሉ የሚፈጩት፣ ከአንጀት በቀጥታ ወደ ጉበት የሚሄዱት እነሱው ናቸው። ቅባት መፍጨት ለሚቸገር ሕመምተኛ ሐኪም የሚያዝዘው እንደነሱ ያለውን ነው። ሰው የፍየል ወተት ለሆድ ይስማማል ሲል ከሚያወድሳቸው ነገሮች አንዱ ካፌው የሚጠላው ነው! ሽታውን በዘር ላጥፋ ብለው አጫጭሮቹን ቢቀንሱ ፍየሏን ወደ ላም እየቀየሯት ነው። እኔ ብሆን እንዳይፈቱ እጠብቃቸዋለሁ እንጂ አልቀንሳቸውም።

(አንድ ነገር በቅንፍ፦ የፍየል ወተት ለሆድ ይስማማል ተብሎ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በእናት ጡት ፈንታ አይሰጥ። ፎሌት የተባለው ቫይታሚን በጣም አነስተኛ ስለሆነ የደም ማነስ ያመጣል። የላም ወተት አለርጂ ያለበትም ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ለፍየሉም አለርጂ ይሆናል።)

ልጅዎ ምናልባት 50 ሺህ ገደማ ምልክቶችን በአንድ ጊዜ ስለሚያነበው ቺፕ አንብቦ ይሆናል። አለ። ምልክቶቹ የተለቀሙት ግን ከሳነን፣ ከአልፓይን፣ ከቦር፣ ከክሪዮል፣ ከሳቫናና ከካትጃንግ ፍየሎች ነው፤ የእኛ ቆላ ፍየል ብቻ ያላት ልዩነት እዚያ ላይ ላይገኝ ይችላል። ቺፑም ብቻውን መልስ አይሰጥም። ይህ ምልክት ይህን ያህል ቅባት ይጨምራል ለማለት በመጀመሪያ ወተታቸው በትክክል የተለካ፣ ዘረመላቸውም የተነበበ በሺዎች የሚቆጠሩ ፍየሎች ያስፈልጋሉ። ንባቡ እየረከሰ ነው፤ ውዱ ነገር ልኬቱ ነው። ልኬት ሲባል ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ራሴ ያዋረደኝን ላውራ።

ከዓመታት በፊት በጀማ ሸለቆ በኩል ወደ 40 የሚጠጉ ፍየሎችን ወተት ለቅባት ናሙና ወሰድኩ። ላቦራቶሪ ገብተን በገርበር ዘዴ ለካነው፤ 11 ሚሊ ሊትር ወተት፣ ከሥሩ 10 ሚሊ ሊትር ሰልፈሪክ አሲድ፣ አንድ ሚሊ ሊትር አሚል አልኮል፣ ከዚያ ማሽከርከር። ቱቦው በእጅ ሲያዝ ያቃጥላል፤ ቅባቱ አንገቱ ላይ እንደ ጠራ ዘይት ወርቃማ ሆኖ ይቆማል፣ ቁጥሩን ያነቡታል። አንዲት ጥቁር ፍየል 8 በመቶ አለፈች። ልቤ ዘለለ። የዘር ሀብት አገኘሁ ብዬ ከጆሮዋ ናሙና ልወስድ በሌላ ቀን ተመልሼ ሄድኩ። ፍየሎቹን የምትጠብቀው ልጅ፣ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፣ ምን እንደምሠራ ጠይቃኝ ስነግራት ሳቀች። «ጋሼ፣ ያቺን'ኮ ያን ቀን ግልገሏ ጠብቷት ከጨረሰ በኋላ ነው ያለባችኋት።»

አበቃ። የመጀመሪያው ወተት ቀጭን፣ የመጨረሻው ጭልፋ ወፍራም ነው፤ ማንኛዋም አላቢ ታውቀዋለች፣ እኔም ተምሬዋለሁ፣ ሜዳ ላይ ግን ረሳሁት። ያገኘሁት የዘር ሀብት ሳይሆን የግልገሉን ትራፊ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግልገል ሌሊቱን ሳይለይ፣ ግት ተሟጥጦ ሳይታለብ፣ የጠዋቱና የማታው ሳይቀላቀል የተወሰደ ናሙና ቢያመጡልኝ አልቀበልም። የወለደችበትን ወርም እጠይቃለሁ፤ ቅባቱ በወሊድ ሰሞን ከፍ ይላል፣ መሐል ላይ ይወርዳል፣ ሊደርቅ ሲል ደግሞ ይወጣል።

ስለ መኖም ሳላነሳ አላልፍም፣ ምክንያቱም የቅባቱን ዓይነት በሳምንታት ውስጥ የሚቀይረው እሱ ነው፤ ዘር ዓመታት ይፈልጋል። ጨጓራ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ገለባንና ቅጠልን አብላልተው አሴቲክ አሲድ ያወጣሉ፤ ግት አጫጭሮቹን አሲዶች የሚሠራው ከዚህ ነው። የኑግ ፋጉሎ ሲጨምሩላት ግን በውስጡ የቀረው ዘይት፣ በሊኖሌይክ የበለጸገ ነው፣ ረጃጅሞቹን አሲዶች ወደ ወተቱ ያመጣል፤ ግቱም ከባዶ የሚሠራቸውን መካከለኞችና አጫጭሮች ይቀንሳል። ኦሌይኩ ይጨምራል። ላም ላይ ዘይት ሲበዛ ቅባቱ ሊወርድ ይችላል፤ ፍየል ላይ አብዛኛውን ጊዜ የቅባቱ መቶኛ ከፍ እንጂ ዝቅ አይልም። እንግዲህ በዘረመል ሊያሳኩት ያሰቡትን ግማሹን አንድ እፍኝ ፋጉሎ ሊያደርገው ይችላል። በእናንተ በኩል የማሾ ገለባና የማሽላ አገዳ አለ፣ ግራሩም አለ። ታላቢዎቹን በጥቂት ፋጉሎ ይደግፉ፤ አያብዙት፣ ሆዷን ያበላሻል፤ ደግሞ ሻጋታ የሸተተ ፋጉሎ ፈጽሞ እንዳይሰጡ።

አሁን ወደ ወጠጤው። በሰሜን ሸዋ ገበያ ዳር ቆሞ ያየ ሰው የሚያውቀው አንድ ጉዳይ አለ፤ ከየትኛውም የዘረመል ምልክት በላይ ያስጨንቀኛል። ቶሎ ያደገው፣ ያማረው ተባዕት ግልገል ምን ይሆናል? ወይ ተኮላሽቶ ሙክት ይሆናል፣ ወይ ገና ወጠጤ ሳለ ለበዓል ይሸጣል። መንጋው ውስጥ የሚቀረውና እናቶቹን የሚያጠቃው ማንም ያልገዛው ነው። ያለ ምንም ክፋት፣ በየዓመቱ ወደታች እየመረጥን ነው። መንዝ ላይ በበግ ይህንኑ ለመቀልበስ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አርቢዎች አንድ ላይ ተሰባስበው፣ መዝገብ ይዘው፣ ምርጥ አውራዎችን ከሽያጭ እየጠበቁ በጋራ መጠቀም ጀመሩ። ዘረመል አልተነበበበትም፤ ደብተርና ሚዛን ነበር። እኔ ለእርስዎ የምመኘው የዚህን የፍየል ወንድም ነው፤ ከአራት አምስት ጎረቤት ጋር ሆነው።

«ታዲያ የውጭ ደም ላስገባ?» ማለትዎ አይቀርም፤ ሁሉም ይላል። የሳነን ደም ወተት ይጨምራል፤ መኖውና ጤናው ካልተከተለ ግን ሸክም ነው። በአገራችን ምሥራቅ ሐረርጌ ከአንግሎ-ኑቢያን ጋር የተዳቀሉ ፍየሎች ተጠንተው እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ውጤት፣ አያያዝ እኩል ሲሆን ዲቃሎቹ በገበሬው ቤት ከአገሬዎቹ የበለጠ የተጣራ ጥቅም እንዳልሰጡ ያሳያል። ጥቅም ያመጣው የተሻለው አያያዝ ነበር። በቀወት ሙቀት ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

እንግዲህ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የማደርገው እንዲህ ነው። የዘንድሮን ገንዘብ ለፋጉሎ፣ ክዳኑ የሚገጥም የአሉሚኒየም ባልዲ ለመግዛትና ለማገዶ አውለዋለሁ። ጄሪካኑን እጥለዋለሁ፤ ማዕዘኑ ውስጥ የሚቀረው አሮጌ ቅባት በውኃ አይወጣም፣ የነገውን ወተት ያበላሻል። ከወተቱ የተወሰነውን እዚያው ሸዋ ሮቢት፣ የፍየል ወተት መጠጣት ለለመደው ሰው፣ እንደታለበ አፍልቼ እሸጣለሁ፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ደብረ ብርሃን ላይ ገበያው ሲቀዘቅዝም ይጠቅማል። እያንዳንዷን ፍየል በቁጥር መዝግቤ፣ በ15 ቀን አንድ ጊዜ ግልገሏን ለይቼ፣ አሟጥጬ አልቤ በመስፈሪያ እጽፋለሁ። ለዓመት።

በዓመቱ ደብተሩ ውስጥ ሦስት አራት ፍየሎች ጎልተው ይታያሉ። የቅባት መቶኛ ከወተት ብዛት ይልቅ በደንብ የሚወረስ ነገር ስለሆነ፣ የእነሱን ተባዕት ግልገሎች ማስቀረት ብቻውን የትም አይጥልዎትም። ዘረመል ማስመርመር የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ 22ቱን ሴቶች ሳይሆን እነዚያን ሁለት ሦስት ወጠጤዎች። አንድ ወጠጤ መንጋውን በሙሉ ስለሚወልድ ከእሱ የተነበበው ፊደል በልጆቹ ሁሉ ይሄዳል። ደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ሄደው ያነጋግሩ፤ በሞለኪውል ደረጃ የሚሠራው ብሔራዊ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል ሆለታ ነው። ሲጠይቁ «ጥሩ ዘር ነው ወይ» አይበሉ፤ «የአልፋ ኤስ-አንድ ኬዚን ቅጂው ምን ምን ነው» ይበሉ። ሁለት ጠንካራ ቅጂ ያለው ከተገኘ እሱን ያስቀሩ። አንድ ጠንካራ ብቻ ካለውም አይጣሉት፤ ከግማሽ ልጆቹ ይገኛል። ሁለት ኤፍ ወይም ኦ ያለውን ግን፣ እናቱ የቱንም ያህል ብትታለብ፣ ለሙክትነት ይስጡት። ወጠጤው የራሱን ልጆች እንዳያጠቃ በሁለት ዓመት ከጎረቤት ጋር ይለዋወጡት።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ላሉት፦ ፍየል አምስት ወር ትሸከማለች፣ ልጇ አድጋ እስክትጠቃ ዓመት ገደማ፣ ከዚያ ሌላ አምስት ወር። የመጀመሪያዋን ልጅ ወተት የሚያዩት ወጠጤው ከገባ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ቢሉ አይሳሳቱም። የሁለቱን ጠርሙስ ውጤት ግን በነገታው ያውቁታል።

ለምርመራ ጸጉር ከተጠየቁ ከጭራው ላይ በጣት ይዘው በአንድ ጊዜ ይንቀሉት፤ ሥሩ፣ ነጩ ነጥብ፣ መታየት አለበት። በመቀስ የተቆረጠ ጸጉር አይረባም። በወረቀት ፖስታ ያድርጉት፣ በፌስታል ከሆነ ወዝቶ ይሻግታል። በእያንዳንዱ ፖስታ ላይ የወጠጤውን ቁጥርና የእናቱን ቁጥር ይጻፉ። ውጤቱ ሳይመጣ ፋሲካ ከደረሰ ደግሞ ነጋዴው ምንም ያህል ቢጨምርልዎት ወጠጤውን እንዳይሸጡት።